የጋሽ ተስፋልደት ሐምሌ

ሐምሌ ገብቶ የካናዳዋ ካልጋሪ በሙቀት በምትነድድበት ሰሞን፣ ፎረስት ሎን ሰፈር ካለው የአትክልት ሱቅ ደጃፍ ላይ ጎረቤቴን ጋሽ ተስፋልደትን አገኘኋቸው። ግድግዳ ተደግፈው ላባቸውን ይጠርጋሉ። በእጃቸው የገብስ ዱቄት አንጠልጥለዋል።

«ምነው ጋሼ፣ አሞዎታል?»

«ትንሽ አዞረኝ እንጂ ደህና ነኝ። ለራሕዋ እንዳትነግርብኝ!»

ፍርሃታቸው ገባኝ። እሑድ እሑድ የሞንተሬይ ፓርክ ሰፈርን አቅመ ደካሞች በመኪናቸው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ግን መኪናውን አቁመው እንደወረዱ ራሳቸውን ሳቱ። ሐኪሙ «ልብዎ ደህና ነው፤ የጎዳዎት ሙቀትና የውሃ እጥረት ነው» አላቸው። ልጃቸው ራሕዋ ደግሞ ከደገማቸው ቁልፉን እንደምትወስድባቸው ቁርጡን ነግራቸዋለች። ያለዚያ ቁልፍ ቤት ቁጭ ብለው ሰው የሚጠብቁ ሽማግሌ መሆናቸው ነው፤ ይህን ደግሞ አጥብቀው ይፈራሉ።

በዚህ መሃል ወንጌል ከሱቁ ወጣች። ኮሌጅ ኒውትሪሽን፣ የሥነ ምግብ ትምህርት፣ የምታጠና የሰፈራችን ልጅ ናት። ጥላ ውስጥ አስቀምጣ ውሃ አጠጣቻቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ብሬክፈስት ምን በሉ?»

«ገንፎ ነዋ፣ በቅቤና በበርበሬ! ሐምሌ አይደል? በሐምሌ ሆድ ካልሞቀ ብርድ ይገባል።»

ሳቄን ዋጥ አደረግኩት። ሙቀቱ ከሠላሳ ዲግሪ አልፏል።

«ኪያር፣ ሐብሐብ ምናምንስ?»

«በክረምት ጥሬ ነገር? ልትገድዪኝ ነው? ወላጆቻችን ያቆዩን በትኩስ ምግብ ነው።»

«ኦኬ ጋሼ፣ ግን እርስዎ ባደጉበት አስመራ በክረምት ፍራፍሬ አልነበረም?»

«እንዴት አይኖርም!» ፊታቸው በራ። «በለስ አለ እንጂ! መንገድ ዳር እያስላጥን እንበላ ነበር። ጥም ሲቆርጥ!»

«ተቀቅሎ ነው?»

«ኧረ ጥሬውን ነው!» አሉ ጋሽ ተስፋልደት። ወንጌል ቀጠለች።

«ጥር ላይስ ምን ይበላሉ?»

«ጥርማ በጋ ነው። ቀለል ያለ ነገር፣ ሰላጣ...»

«በዚያ ስኖው ሰላጣ? ጋሼ፣ ወላጆችዎ እኮ የወሩን ስም አይተው አይደለም የበሉት። ደጋው ሲበርድ ገንፎ፣ በለስ ሲደርስ በለስ። እርስዎ ወሩን ይዘው መጡ፣ አየሩ እዚያው ቀረ። አሁን እዚህ የደረሰው ቼሪ፣ ኪያር፣ ቲማቲም ነው። ውሃ የሞላባቸው ናቸው፤ ከሚጠጡት ውሃ ጋር ላብዎ የወሰደውን ይመልሳሉ፣ ሆድም አይከብዱም።»

«ሆዴን ቢቆርጠኝስ?»

«ኮል ያድርጉልኝ። ራሴ መጥቼ ገንፎ አገነፋልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ መምህሩ፣ ምን ትላለህ?»

«ልጅቷ ወላጆችዎን እየደገፈች ነው መሰለኝ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ልማድን ማክበር ማለት መጀመሪያ ለምን እንደተለመደ መጠየቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ጋሽ ተስፋልደት ዱቄቱን ለእኔ ሰጥተው ወደ ሱቁ ተመለሱ።

ያ ሙቀት እስኪያልፍ ዳግም አላዞራቸውም። ጠዋት ፍራፍሬና እርጎ፣ ቀን ኪያርና ቲማቲም፣ ሽሯቸውን ደግሞ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ይበሉ ጀመር። ቀን ላይ የሚጥላቸው ድካምም ለቀቃቸው። እሑድ ጠዋት የውሃ ኮዳና የተቆረጠ ሐብሐብ መኪናቸው ውስጥ የምታስቀምጥላቸው ራሷ ራሕዋ ሆነች።

ጥር ላይ፣ በረዶው ደጃፌን በዘጋበት አንድ እሑድ፣ የቤቴ በር ተንኳኳ። ጋሽ ተስፋልደት በአንድ እጃቸው የመኪና ቁልፍ፣ በሌላው ክዳን ያለው ሳህን ይዘው ቆመዋል። ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሷቸው እናቶች መኪናው ውስጥ ይጠብቋቸዋል። ክዳኑን ሲከፍቱት የገንፎው እንፋሎት መነጽሬን ሸፈነው።

«እንካ ብላ፤ ሐምሌ ዛሬ ገባ» አሉኝ።