ቅጠሉ እስኪታጠፍ

ወዳጆቼ፣ የዶክተራችን የሽኝት ሩዝ ከመቅረቡ በፊት ትንሽ ላውራ። አይዟችሁ፣ ከምግብ በፊት የምናገረው የራሴም ረሃብ ወሬዬን እንዲያሳጥረው ነው።

ዶክተር ራዳማኒ ወደዚህ የባህል ሕክምና ቤታችን የመጣች ቀን ዝናቡ ኬራላን አጥቦ ሊወስድ የተነሳ ይመስል ነበር። ያኔ ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ከጃንጥላዋ አትወፍርም። በረንዳው ሆዳቸውን በያዙ ሴቶች ሞልቷል። ልታልፍ ስትል አንዷ ያዝ አደረገቻትና፣ “የኔ እመቤት፣ እኛስ ለጌጥ ነው የተቀመጥነው? ተራሽን ጠብቂ” አለቻት። ቁጭ አለች። ቀትር አልፎ ተራዋ ሲደርስ አዛውንቱ ሐኪማችን የእጇን የደም ትርታ አዳመጡና፣ “ሆድሽን ምን ያምሻል ልጄ?” አሏት።

“ረሃብ” አለች። “ጠዋት ሥራ ልጀምር መጥቼ ነበር።”

እኔ ቻቱኒ ያኔም እንደዛሬው የመድኃኒቱ ጓዳ ሆኜ ዝንጅብል እወቅጥ ነበር፤ ሳቄን ለመደበቅ ሙቀጫውን ደበደብኩት።

ከዚያ ወዲህ ተራ ጠብቂ ያላት የለም። ይልቅስ እኛ ነን ከእሷ ጥያቄ ማምለጫ ያጣነው። አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጩ እጁን ሲዘረጋ፣ “መጀመሪያ ምላስህን አውጣ” ትለዋለች። “ነጭ ሆኗል። ማታ አምሽተህ ምን በላህ?” ተሳፋሪው ሁሉ የሰውዬውን ምላስ ሊያይ አንገቱን ያሰግጋል። የልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ደግሞ ሙሽራውን በአማቶቹ ፊት፣ “ዛሬ ጠዋት ሆድህ ሠራልህ?” ብላ ጠየቀችው። ልጁ እስከዛሬ እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እርግጥ፣ ማታ ማታ በሞቀ ውኃ የሚጠጣ፣ ከሦስት የደረቁ ፍሬዎች የተፈጨ ዱቄት ሰጥታው ሆዱም ትዳሩም ተቃንቷል።

ምክሯን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን። ጠዋት የሞቀ ውኃ። የቀደመው ሳይፈጭ ሌላ አይጨመር። ዋናው ምግብ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ቁጭ ብሎ፣ ያለ ወሬ። ሲከብድ ዝንጅብል ከቁንዶ በርበሬና ከጢምዝ ጋር፣ ሲነፋ ከሙን የፈላበት ውኃ። “የሆድ እሳት እንደ ምድጃ ነው፤ ብትረሱትም ይጠፋል፣ ብታጭቁበትም ይጠፋል” ትለናለች። ይህን የምትለን ግን ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ የመድኃኒት ቁምሳጥኑ አጠገብ ቆማ፣ በአንድ እጇ ምሳ ዕቃዋን ይዛ፣ በሌላው የበሽተኛ ሆድ እየነካች ነው። በየትኛው እጇ እንደምትጎርስ አምላክ ይወቅ።

ባለፈው የዝናብ ወራት ቀልዱ ቆመ። አምባሯ ከእጇ እየሾለከ ይወድቅ ጀመር። አንድ ቀን ምሳዋን ለቁራዎች ስትደፋ ደረስኩባት።

“ምነው?”

“አልራበኝም፣ ጋሽ ቻቱኒ።”

“ያልራበው ሰው ታሟል የምትይን አንቺ አይደለሽም?”

“ዝንጅብልዎ አይጠብቅዎትም?” አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

አኮረፈችኝ። እኔም ሄጄ ለልጇ ነገርኳት። ልጇ ከተማ ወስዳ አስመረመረቻት፤ በጉሮሮዋ ካሜራ አስገቡ፣ ከሆዷም ለምርመራ ቆንጥረው ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ሆዳቸውን ሊያሳዩ የመጡት ሁሉ የራሳቸውን ትተው የእሷን ይጠይቁ ነበር። የፈራነውን በስሙ የጠራ ግን አልነበረም።

አንድ ጠዋት በዚያ በር ገባች። ከፊቷ ምንም አይነበብም። “ቁስለት ነው” አለች። “ሌላ ነገር የለም።” እዚያው ባለሁበት ቁጭ አልኩ፤ የተቀመጥኩት የተሰጣው ዝንጅብል ላይ መሆኑን ያወቅኩት ከተነሳሁ በኋላ ነው።

“የከተማው ሐኪም ምን አለሽ?”

“ክኒን ሰጠኝ። ደግሞ በሰዓትሽ፣ ቁጭ ብለሽ ብዪ አለኝ።”

“ይህን ለመስማት ነው ካሜራ የዋጥሽው?”

ያን ቀን ከልቧ ሳቀች። “በቃኝ፣ ጡረታ እወጣለሁ” ያለችውም ያኔውኑ ነው።

ራዳማኒ፣ ሽኝት ላይ ሰው ያለቅሳል። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እፎይ ነው ያልኩት። ክኒኑን ጨረስሽ፣ በሩዝ አጥሚት አገገምሽ፣ አምባርሽም እጅሽ ላይ ቆመ። ሚስቴ ምግብ አልቀመጥልሽ ሲላት ቤታችን ድረስ እየመጣሽ አሬራ በማንኪያ ያጠጣሻት አንቺ ነሽ። ያኔ ቃል ጠፍቶኝ የተወቀጠ ዝንጅብል ነበር የሰጠሁሽ። ዛሬ ቃሉ መጥቶልኛል፤ አመሰግናለሁ።

በዓል በመጣ ቁጥር የድግሱ ረድፍ ራስ ላይ የምናስቀምጠው አንቺን ነው። የረድፉ ታላቅ ጨረስኩ ሲል የበላበትን የሙዝ ቅጠል ወደ ራሱ ካላጠፈ ማንም አይነሳም። አንቺ ደግሞ ሁለቴ ጎርሰሽ “በሽተኛ መጣ” ሲሉሽ ትሮጫለሽ፤ እኛም መረቁ ጣታችን ላይ ደርቆ እንቀራለን። ቅጠሏን ስታጥፍ ያየ ሰው እዚህ ካለ እጁን ያውጣ። አየሽ?

ዛሬ ግን በሽተኛ ቢመጣ በረንዳው ላይ አዲሱ ሐኪም ጂቴንድራን አለ። ጠዋት ሲመጣ ሴቶቹ ተራ እንዳያስይዙት በር ላይ ቆሜ ነው የተቀበልኩት። የእሱ ምሳ ከእኛ በኋላ ለሚበላው ለሁለተኛው ረድፍ ተቀምጧል፤ ቆሞ እንዳይበላ ደግሞ እኔ አለሁለት።

እንግዲህ የአሬራ ብርጭቋችሁን አንሱ። ራዳማኒ፣ ረሃብሽ በሰዓቱ ይምጣ፣ ምግብሽም አያስጠብቀው። በምሳሽ ሰዓት በርሽን የሚያንኳኳ አይኑር። ጠዋት ጠዋትም፣ ያንን ሙሽራውን የጠየቅሽውን ጥያቄ ሰው ቢጠይቅሽ፣ መልስሽ “አዎ” ይሁን።

በሉ፣ ሩዙ ይቅረብ። አንቺም እጅሽን ታጠቢና ተቀመጪ። ቅጠልሽን እስክታጥፊ እዚሁ ነን፤ አንቸኩልም።