የአቶ ማርቆስ ኤርሲዶ ዜና ሕይወት፣ «ተይዟል» ተብሎ ከቀረው ጥያቄያቸው ጋር

ከጅማ፣ ከደዶና ከሰርቦ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ማለዳ ወንዙን በድንጋይ ላይ እየዘለላችሁ ተሻግራችሁ ጫማችሁ እንደረጠበ የተቀመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፣ እንዲሁም በአስፋልቱ በኩል በደረቅ ጫማ የደረሳችሁ እንግዶቻችን፣ ይህን ጽሑፍ የማነብላችሁ የባለቤታቸው የወይዘሮ ሙሉነሽ ታላቅ ወንድም ነኝ። እህቴ ቁጣህን ቤት አስቀምጠህ ና ብላኛለች፤ የቻልኩትን ያህል አስቀምጬ መጥቻለሁ።

አቶ ማርቆስ ኤርሲዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሲዶ ሄራሞና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታደለች በ1951 ዓ.ም. በከምባታ፣ ከዱራሜ ብዙም በማትርቅ መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ መምህሩ ሲደክማቸው ጠመኔውን ለእርሳቸው እስኪሰጡ ድረስ የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ነበር። ይህን የእጅ ጽሑፍ አደራ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ በእርሱ በኩል ነው የመጣው።

በ1969 ዓ.ም. ከአጎታቸው ጋር ለቡና ለቀማ ወደ ጅማ አካባቢ መጥተው፣ ለቀማው ሲያልቅ አጎታቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እርሳቸው ቀርተው፣ ከሰርቦ ወዲያ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቀጥረው በማድረቂያ አልጋዎች ላይ ከአርባ ዓመት በላይ አገለገሉ። ቡናውን በጭብጣቸው ዘግነው ስንት ቀን ፀሐይ እንደቀረው ይናገሩ ነበር፤ አይሳሳቱም። አፋን ኦሮሞን ከተወላጁ ሳይለዩ እስኪናገሩት ስለተማሩ፣ የሰፈሩ ሰው ኦቦ ማርቆስ እንጂ ሌላ ስም አልሰጣቸውም። በ1978 ዓ.ም. ከእህቴ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ያቤፅን፣ ቃለሕይወትንና ሊያን ወልደው፣ ሦስቱንም አስተምረው ለቁም ነገር አብቅተዋል።

ጡረታ እንደወጡ የቀበሌያችን ሰው በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው ምክንያት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ አድርጎ መረጣቸው። የተከበሩ የምክር ቤት ተወካያችን በዓመት ሁለት ጊዜ «ከመራጩ ሕዝብ ጋር ውይይት» የሚሉትን ዝግጅት ያደርጋሉ። ድንኳን ይተከላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውኃ ይታደላል፣ ከዚያም ተወካያችን ስላደረጉልን ነገር ለአንድ ሰዓት ተኩል ያብራሩልናል። አሥራ አንዱንም ዝግጅት ተካፍያለሁ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ነገሩ እጅ እጅ ይለኝ ነበር። አቶ ማርቆስ ግን የሚጽፉትን ጽፈው ሲያበቁ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ይነሡና፣ ሁልጊዜም ያንኑ አንድ ጥያቄ ያቀርቡ ነበር፤ ወንዙ በክረምት ስለሚሞላ፣ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ የሚሻገርበት፣ እግረኛ የሚያሳልፍ ድልድይ እንዲሠራ።

መልሱ «ጥያቄው ተይዟል» ነበር። አቶ ማርቆስም ተመልሰው ተቀምጠው የገዛ ጥያቄያቸውን በገዛ እጃቸው ይጽፉና፣ ከጎኑ «ተይዟል» ብለው፣ ከሥሩ ለምላሽ የሚሆን ሦስት መስመር ባዶ ይተዉ ነበር። ተይዟል ማለት ወንበር ሲሆን ሌላ ሰው ተቀምጦበታል ማለት ነው፤ ስልክ ሲሆን አይሠራልህም፣ ኋላ ሞክር ማለት ነው። አማቼ ግን ቃሉን እንደ አደራ ቃል ነበር የሚሰሙት። አንድ ቀን ለምን ባዶ መስመር ያባክናሉ ብላቸው፣ መልስ ሲመጣ የሚጻፍበት ቦታ ቢጠፋ እኔ ነኝ የማፍረው አሉኝ።

በአራተኛው ስብሰባ ማግስት ተወካያችን ካሜራ አስከትለው መጥተው በወንዙ ዳር የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። ስማቸውና ቀኑ የተቀረጸበት፣ ጠፍጣፋ፣ ጥሩ ድንጋይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ አልመጣም፣ አሸዋ አልመጣም፣ ሰውም አልመጣም። ድንጋዩ ሁለት ክረምት ብቻውን ቆመ። በሦስተኛው ዓመት አቶ ማርቆስ ከጎረቤታቸው ከኦቦ አባቦራ ጋር ሆነው ድንጋዩን እያንከባለሉ ወስደው በመሻገሪያው ላይ ሦስተኛ መርገጫ አደረጉት። የሕዝብ ንብረት አበላሽታችኋል ተብለው ቀበሌ ሲጠሩ፣ አቶ ማርቆስ ድንጋዩ ለድልድይ የመጣ ስለሆነ ለድልድይ አውለነዋል ብለው መለሱ። ኦቦ አባቦራ እንደነገሩኝ፣ ስሙ የተቀረጸበትን ፊት ወደ ታች ያደረጉት የሰው ስም በእግር አይረገጥም ብለው ነው። እኔ ብሆን ወደ ላይ አደርገው ነበር።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ልጃቸው ሊያ ተወካያችን ለመራጩ ሕዝብ መረጃ በሚያሠራጩበት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ የአባቷን ፎቶግራፍ አገኘች። አቶ ማርቆስ በመሠረት ድንጋዩ አጠገብ ቆመዋል፤ ከሥሩ የተጻፈው ግን «ከተጠናቀቀው ድልድይ ተጠቃሚዎች አንዱ» ይላል። እኔ ያንን ባነበብኩ ጊዜ ተቆጣሁ። እርሳቸው አልተቆጡም። ሰው ይሳሳታል ብለው በቀጣዩ ስብሰባ ተነሡና፣ ድልድዩ ስለሌለ «የለም» ተብሎ እርማት ይውጣልን ብለው በትሕትና ጠየቁ። «እርማቱም ተይዟል» ተባሉ። ጻፉት፤ ከሥሩም ሦስት መስመር ተዉ።

ሐምሌ 28 ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ማርቆስ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ልጆቹና ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውኃው ድንጋዮቹን ሁሉ ውጧቸው ነበር። ከወንዙ ማዶ መኪና ቆሞ፣ ሹፌሩ እየታያቸው፣ እስከ ስምንት ሰዓት ዝናብ ላይ ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ጅማ ሆስፒታል ገብተው ሐኪሞች የሚቻለውን ሁሉ ቢያደርጉላቸውም፣ በአሥረኛው ቀን በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ወንዙ ገደላቸው አልልም፤ ሐኪሞቹም አላሉም። የጠበቁበትን ስድስት ሰዓት ግን ሳልናገር ብወርድ ሟቹን መዋሸት ይሆንብኛል።

ትናንት ከተወካያችን ጽሕፈት ቤት በኮምፒውተር የተጻፈ ሌላ ዜና ሕይወት መጥቶልን ነበር፤ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። «የልማት አጋራችን» ይላቸዋል፤ «ለዘመናት የጠየቁት ጥያቄ ተመልሶ ለማየት የታደሉ» ይላቸዋል። ከወረቀቱ ጋር ተወካያችን ከአስከሬኑ ፊት ሦስት ደቂቃ ንግግር እንዲያደርጉና ካሜራ እንዲገባ የሚጠይቅ መልእክት አለ። ይህ ለቅሶ ነው፤ የውይይት መድረክ አይደለም። በሕይወት ሳሉ ፎቶግራፋቸውን ወስዳችሁ ዋሻችሁባቸው፤ አስከሬናቸውን አንሰጣችሁም። እህቴ ያንን ወረቀት እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ ማርቆስ ቢሆን ኖሮ የሚጽፈውን አንብብልኝ አለችኝ። ስለዚህ ያነበብኩላችሁ የእርሳቸውን ቃለ ጉባኤ ተከትዬ ነው።

አቶ ማርቆስ ሰውን ሁሉ እንደ ቃሉ የሚያምኑ፣ ለጎረቤት ደራሽ፣ በቤተ ክርስቲያን ትጉህ አገልጋይ ነበሩ። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የትዳር ጓደኛቸውን ወይዘሮ ሙሉነሽን፣ ልጆቻቸውን ያቤፅን፣ ቃለሕይወትንና ሊያን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ከወንድም የማይተናነሱትን ኦቦ አባቦራን፣ እንዲሁም አሥራ አንድ ጊዜ የተጻፈ አንድ ጥያቄ ከነባዶ መስመሮቹ ትተውልን ሄደዋል። ደብተሩን ከዛሬ ጀምሮ ሊያ ትይዘዋለች።

የያዘውን የማይረሳ እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በመንግሥቱ ያሳርፍልን፤ ለእህቴና ለልጆቿ መጽናናትን፣ ለሁላችንም ትዕግሥትን ይስጠን።

የመቃብር ቦታው ከወንዙ ማዶ፣ በመንደሩ በኩል ስለሆነ፣ አሁን ሳጥኑን አንሥተን በመሻገሪያው እንሄዳለን። ውኃው ስለጎደለ ድንጋዮቹ ይታያሉ፤ ግን ያዳልጣሉና አረጋውያንን ደግፉልን። የተከበሩ ተወካያችን፣ እርስዎም ለቀብር መጥተዋልና ከእኛ ጋር ይሻገራሉ። ኦቦ አባቦራ ከፊትዎ ሆነው የሚረግጡትን ያሳዩዎታል። አይፍሩ፤ ሦስተኛው ድንጋይ የእርስዎ ነው።