ባሕር ዛፍ የተከለው እንግዳ

ንግሥቴ በሩ አጠገብ ለተቀመጡት ገማች ጠላ ከቀዳች በኋላ ፊቷን ወደ የኔታ ገብረሰንበት መለሰች። እኝህ ገማች የቡሬን ነጋዴ ገቢ እየገመቱ ግብር የሚቆርጡ ሽማግሌ ናቸው። በእሷ ጠላ ቤት ላይ የጫኑት ግብር ነገ ከፍኖተ ሰላም በሚመጣው ሹም ከጸና፣ ጣሳዋን ከአጥር አውርዳ ቤቷን መዝጋቷ ነው። ስማቸውን አልጠራችም፤ እሷ ያልጠራችውን እኔ ምን ቆርጦኝ።

“እንዴት ከረሙ የኔታ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ይጠጡ እንጂ፣ ጌሾው እንደሆን አልበዛም።

እኔማ ደግ ሰው አለቀ ሲሉ አላምንም። እዚሁ አገራችን አንድ ሰው አሉ... እንግዳ ማክበር እንደሳቸው ማን ያውቅበታል? ያ ወፍጮ የተከለው ግሪክ፣ የማንም ቅጥር ያይደለ፣ ለራሱ የሚሠራው፣ ‘ለአንድ በጋ ነው የመጣሁት፣ ግብሬን ላገሬ እከፍላለሁ’ ቢላቸው፣ ‘መንገደኛ ነው፣ እንግዳ አይገብርም’ ብለው አለፉት። አይ አንጀት። ያ ለአንድ በጋ የመጣ ሰው በግቢው የተከለው ባሕር ዛፍ ዘንድሮ ለማገር ደረሰ። መንገደኛ ባሕር ዛፍ ይተክላል ወይ የኔታ? መጻሕፍቱን እርስዎ ያውቃሉ።

የእንግዳ ፊት መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ኋላ ብረት ይሉ ነበር አባቶቻችን። የሳቸው እንግዳ ግን በከረመ ቁጥር ወርቅነቱ ባሰበት... ውለታም አይጠፋም። እኛ ወፍጮው ደጅ ተራ ስንጠብቅ የሳቸው አህያ ቀድማ ትገባለች፤ እሷም እንግዳ ናት መሰለኝ። ያለ ዋጋ ነው የሚያስፈጩት የሚሉ ክፉዎች አሉ፤ እኔ አልልም። ሲሾም ያልፈጨ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል...

እኔስ? እዚሁ ተወልጄ፣ ባሌን እዚሁ ደብር ቀብሬ፣ የት አገር ሄጄ ነው መንገደኛ ነኝ የምለው? በሁለት ጋን ጠላ ባለጸጋ ናት ብለው ገመቱኝ። አከበሩኝ እንጂ ምን አደረጉኝ? ቀምሰው ነዋ የገመቱት፣ ያውም ደጋግመው።

ነገ ሹሙ ሲመጣ አንድ ቃል አልናገር። የጠላ ቤት ሴት ምን አውቄ? ብቻ ፀሐይ በርትቶበት ማረፊያ ቢጠይቀኝ... ግሪኩ ባሕር ዛፍ ሥር ወስጄ አስቀምጠዋለሁ። ደህና ጥላ አለው።”

በሩ አጠገብ ያሉት ሰው ዋንጫቸውን ሳይጨርሱ መደቡ ላይ አኖሩት። ንግሥቴ ፊታቸውን ሳታይ ማሰሮዋን ይዛ ሄዳ ሞላችላቸውና ተመልሳ ተቀመጠች።

“ለእኝያ ደግ ሰው ይመርቁልኝ የኔታ። እሺ፣ እኔው ልመርቅ፤ አሜን የሚል ከበሩ በኩልም አይጠፋም። እግዜር እንግዳ እንዳከበሩ ያክብራቸው። ቀናቸው ሲደርስ ገነት በር ላይ ‘የማን ነህ፣ ምን ሠርተህ መጣህ’ የሚላቸው አይኑር። በእንግዳ ደንብ ያስገባቸው፣ እግራቸውን ይጠባቸው፣ ያማረ መኝታ አንጥፎ አንድ ሌሊት ያሳድራቸው... ሲነጋም በክብር ይሸኛቸው።”