የሸጋው መዶሻ ዝም ያለበት ሰኔ

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. በሰኔ መባቻ አንድ ማለዳ ፊቴን ታጥቤ፣ ቆሎዬን ቋጥሬ፣ ከአሸተን ማርያም ግርጌ ወዳለው ትምህርት ቤት ወረድሁ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ያዳልጣል። ገበሬው ጠምዶ የሚወጣበት ሰዓት ነበር፤ በማሳው ላይ ግን አንድም ጥማድ አላየሁም።

በቀጥቃጩ በሸጋው ደጃፍ ገበሬው አያ ገብረ መስቀል የደነዘ ማረሻ ይዘው ቆመዋል። የሸጋው ልጅ፣ ተማሪዬ የነበረችው ዓለምእሸት፣ በሩን ይዛባቸዋለች።

«መምህርት፣ እንኳን መጡ!» አሉ። «አባቷ ማረሻ አልስልም አለ። በሰኔ!»

«ምክንያት አለው፣ አያ» አለች። «ባለፈው ደቦ እናንተ ዳስ ውስጥ ስትጠጡ፣ ለእርሱ ጠላውን በስባሪ ሽክና ውጭ ሰጣችሁት። አብሯችሁ ካልተቀመጠ መዶሻ አያነሣም።»

«አባቱም ውጭ ነው የጠጣ። የድሮ ነው።»

«ድሮ እርስዎም የባላባት ደጅ ይጠኑ ነበር። ሲቀር ከፋዎት?»

«ምላስሽ ከአባትሽ መዶሻ ይከብዳል! የቀጥቃጭ ዓይን ክፉ ነው፤ ማዕድ አይቀርብም።»

«የሠራው ብረት ያረሰውን እህል ይበሉ የለም? ዓይኑ ቢበላ ኖሮ እስከ ዛሬ ምን ይተርፍዎት ነበር?»

ሥራ ያቆመን ሰው ሁሉ ሰነፍ ወይም ጥጋበኛ የሚሉ ብዙ ናቸው። ሸጋው ግን ዕድሜውን በእሳት ፊት የጨረሰ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መዶሻውን ሲያስቀምጥ፣ ምን አስመረረው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

«አያ» አልሁ፣ «የእርስዎ ድካም ያለ እርሱ ድካም አያበቅልም። አብራችሁ ብትቀመጡ ማሳው በጊዜ ይታረሳል፤ ልጆቻችሁም ሙያውን ሳያፍሩ ይማሩታል። ምን ይጎድልብዎታል?»

አያ ማረሻቸውን በትከሻቸው አነሡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ረግጠውት ወደማያውቁት ጎጆ ገቡ።

«ሸጋው፣ ጠላ አለህ?»

«በእኔ ዋንጫ?» አለ ሸጋው።

«ታዲያ በማን?»

ጨልጠው አፋቸውን ጠረጉ። «የእኔይቱ እንዲህ አትጠምቅም። እንዳትነግሯት!»

ሸጋው ሳቀ፤ ወናፉ ተነፋ፤ ብረቱ ጮኸ። የአያ ገብረ መስቀል ፊት ግን ዐመድ መስሎ ነበር።

«መምህርት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትናንት ማታ ተናድጄ፣ ሸጋው አድማ መታ ብዬ ለአብዮት ጥበቃ ተናግሬያለሁ። ሄጄ ልመልሰው።»

ሊሄዱ ሲወጡ ጠበንጃ የያዙት ጥበቃዎች ደጃፍ ደርሰው ነበር። «ይኸው ሥራው ላይ ነው! የተናገርሁት በቁጣ ነው፣ እኔን እሰሩኝ!» ብለው አያ መንገድ ላይ ተኙ። ጥበቃዎቹ ተራምደዋቸው ሸጋውን ይዘውት ሄዱ።

በዚያ ክረምት መንደሩ ዓለምእሸት የአባቷን መዶሻ አንሥታ በሳለችው ማረሻ በጊዜ አረሰ። እንደዚያ ዓመት እህል ገብቶ አያውቅም። ዛሬ የገበሬ ልጆች ወናፍ እየነፉ ሙያ ይማራሉ፤ ሰዎች ከሩቁ ከገነተ ማርያም ሳይቀር ብረት ይዘው ይመጣሉ። በደቦ ቀን ውጭ የሚጠጣ ሰው የለም።

ሸጋው ግን አልተመለሰም።