አባባ ነገ ይሮጣሉ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከፊቴ አንድ አዛውንትና ሴት ልጃቸው አዲስ የሩጫ ቲሸርት ታቅፈው ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ ነገ አይሮጡም።»

«ሰዉ ሁሉ ለልጅሽ መታከሚያ ሐይቁ ዳር ሲሮጥላት፣ እኔ አያቷ ተቀምጬ ላጨብጭብ?»

«ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነው ዱዓ ያድርጉላት።»

«ዱዓ እየሮጡም ይደረጋል።»

«ትናንት ደረጃ ሲወጡ ግድግዳ ይዘው ቆመው አልነበር?»

«ግድግዳው እንዳይወድቅ ደግፌው ነው።»

«አያስቁኝ! ሐኪሙ እኮ ልብዎ ደክሟል፣ አይሩጡ ብለውዎታል። እማዬስ ምን አለች?»

«አልነገርኳትም።»

«ወላሂ፣ ዛሬውኑ እነግራታለሁ!»

«በአላህ ይሁንብሽ፣ ተይ። ሩጫው ይለፍና ራሴ እነግራታለሁ።»

ሕመሙን ደብቆኝ ለሞተው ባሌ የለበስኩትን ጥቁር ነጠላ ጫፍ እንደጨበጥኩ፣ መውረጃዬ ሲያልፍ አየሁት።