ባለ ሰማንያ ቆርቆሮው ቤት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ድንጋዩ ለሁላችንም ይበቃል። ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ከፊት ተቀመጡልኝ፤ የቄስ ወልደ ኪዳን ነገር የእናንተም ነውና።

ቄስ ወልደ ኪዳን ከአሸተን ማርያም ግርጌ ያለውን እርሻ ለልጃቸው ለቀው፣ በሬዎቻቸውን ሸጠው፣ ላሊበላ ከተማ ቤት ሊገዙ ወረዱ። ያ ገንዘብ አንዴ ከወጣ ሁለተኛ አይገኝም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይማርሽ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በጥር ወር አንድ ረፋድ ላይ ቄሱ የውኃ ቦኖው አጠገብ ሲያልፉ የወንድማቸውን ልጅ መምህርት ጽጌማርያምን አገኟት።

«እንዴት አረፈዱ አባ? ወዴት ነው?» አለች መስቀላቸውን ተሳልማ።

«ቤት አገኘሁ ልጄ! ሸለቆው ማዶ፣ ባለ ሰማንያ ቆርቆሮ! ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ያለችውን፣ አርባ ቆርቆሮ የማትሞላዋን፣ በዚህ እጥፍ ዋጋ ይሉኛል። ይህን ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት።»

በእኛ አገር፣ ቤት የሚለካው በጣራው ቆርቆሮ ነው። ገዢ አንጋጦ ይቆጥራል እንጂ ደጁን አያይም። ቄሱም እንደዚያው ነበሩ።

«ከቆርቆሮው ሌላስ ምን ቆጠሩ?»

«ሌላ ምን አለና?»

«ከዚህ ቦኖ እስከዚያ ቤት ስንት እርምጃ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ፈተና ጀመርሽ! የማርያምን ዝክር ሳወጣ ስልሳ ሰው ይመጣል። የት ላስቀምጠው? ጥምጥሜ ላይ?»

«ለዝክሩ ዳስ ይጣላል አባ። ለአንድ ቀን እንግዳ ብለው እትዬ ይማርሽን ዓመቱን ሙሉ ዳገት ሊያስወጧቸው ነው?»

ቄሱ ግን እልኸኛ ናቸው፣ አልተረቱም።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎ» አለች። «ከመፈራረምዎ በፊት አንድ ጀሪካን ውኃ እስከዚያ ቤት ድረስ ተሸክመው ይሂዱ።»

«ቄስ ጀሪካን ተሸክሞ? ሰው ምን ይላል?»

«እትዬ ይማርሽ ሲሸከሙ ምን ይል ነበር?»

ተሸከሙ። እሷም ተከተለቻቸው። ሸለቆውን ወርደው ዳገቱን ሲወጡ ሦስት ጊዜ አረፉ። በሦስተኛው ላይ የዚያው ሰፈር ሴት ባንቺዓለም ከደጇ ሆና ሳቀች።

«ውይ አባ! ጥምጥምዎ ሊወድቅ ነው! አዲሱ ጎረቤት እርስዎ ነዎት?»

«እግዜር ከፈቀደ። ሰፈሩ እንዴት ነው?»

«በጋውንስ ደኅና ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ጎርፉ መሻገሪያ ይነሳናል። አምና ምጥ ሲይዘኝ ቃሬዛው ማለፊያ አጥቶ እዚሁ ወለድሁ፤ እመቤቴ አወጣችኝ። ቤቱ የረከሰው ለምን ይመስልዎታል?»

ቄሱ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጡ። ሰማንያው ቆርቆሮ ከፊታቸው ያብረቀርቃል፤ እሳቸው ግን የይማርሽን ጉልበት ነበር የሚያስቡት።

«ልጄ፣ እሷን ሳልቆጥራት ቀርቼ ነበር» አሉ። «ታዲያ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ያለውን ተበድሬ ልግዛ?»

«እሱንም አላልሁም። እሱን ከገዙ የሚበሉት ያጣሉ። ከትምህርት ቤታችን በላይ ባለ ሠላሳ አምስት አለ፤ ዋጋው ከአቅምዎ አያልፍም። ግድግዳው ረግፏል። ቦኖው ግን ከደጁ ነው፣ መንገዱ ክረምት ከበጋ ያሳልፋል፣ ጎረቤቱም ሰው ሲታመም የሚደርስ ነው። ግድግዳውን ቀስ ብለው ያስመርጉታል፤ ሸለቆውን ግን ማን ያነሳልዎታል?»

ቄሱም ባለ ሠላሳ አምስቱን ገዙ።

የገቡ ለት ጠዋት ቄሱ ጥምጥማቸውን እየጠመጠሙ፣ «ይማርሽ፣ ውኃ ሳትቀጂ ልትውይ ነው?» አሉ።

«ቀድቼ መጣሁ እኮ!» አሉ ወይዘሮ ይማርሽ።

ቄሱ እጃቸው ጥምጥሙ ላይ እንዳለ ቀረ። ከተረፈው ገንዘብ ግድግዳው ተመረገ። ዝክሩም ደረሰ፤ ጎረቤቱ እንጨቱን አምጥቶ ዳሱን ጣለ፣ ስልሳውም ሰው በልቶ መረቀ። በሐምሌ ወይዘሮ ይማርሽን ሲያማቸው እነዚያው ጎረቤቶች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው፤ በሳምንቱ ድነው ተመለሱ።

እናንተም ልጆቼ፣ አቅማችሁ የሚችለውን ቤት ፈልጉ፤ ቆርቆሮውንም ቁጠሩ፣ ክፋት የለውም። ግን ከማንጋጠጣችሁ በፊት ጀሪካኑን አንሡና ዳገቱን ውጡት። ደክሟችሁ ያረፋችሁ ለት ቄስ ወልደ ኪዳንን አስታውሱልኝ።