ናቲና እንቁላሉ

ስሙኝማ! የእህቴን ልጅ ትዕግስትን ልጠይቅ ሳንሱሲ ሄጄ ነው። ልጇ ናቲ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል ፍርፍር ቀመሰ። ጉርሻውን ሳይጨርስ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ ከንፈሩ አበጠ! እኔ ልጁን ታቅፌ፣ ትዕግስት ባዶ እግሯን፣ አማቷ እትዬ ወርቄ ከኋላ እየጮሁ በባጃጅ ክሊኒክ ደረስን።

መርፌ ተወግቶ እብጠቱ ሲቀንስለት ዶክተሯ "አለርጂ ነው፤ እንቁላል አትስጡት" አለች። እትዬ ወርቄ ቀበል አድርገው "ምጥ ፈርታ በኦፕራሲዮን ስለወለደችው ነዋ!" አሉ። ትዕግስት አንገቷን ደፋች።

"እውነት በኔ ነው ዶክተር?"

"እንደዛ የተወለዱት ላይ ትንሽ ይበዛል የሚሉ አሉ። ግን ያንቺ ልጅ በዛ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ በምጥ የተወለዱትንም ይይዛቸዋል። ለመሆኑ ለምን ኦፕራሲዮን ሆነ?"

"እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ልቡ እየደከመ ነው አሉኝ።"

እኔ አፌ መች ያስችለዋል! "እትዬ ወርቄ፣ እኔን እናቴ አምጣ አምጣ ነው የወለደችኝ፤ ይኸው በርበሬ በሸተተኝ ቁጥር ሰፈር እስኪሰማ አነጥሳለሁ! ያኔ የትዕግስት ሆድ ባይቀደድ ኖሮ ዛሬ ማንን ይዘን እንሮጥ ነበር?"

እትዬ ወርቄ ተነሱና የትዕግስትን ግንባር ሳሙ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ" አሏት።

ናቲ እኮ ዓመት አልፎታል! ስትወልድ ግን አላሏትም ነበር። ልቀልድ አፌን ከፍቼ፣ ትዕግስት ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ሳይ መልሼ ዘጋሁት።